ግቢያችንን የበላው የሞተር ማጠቢያ

ባለፈው ሰኔ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ ስሄድ፣ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው እግሩ ሥር ያኖረው ጀሪካን ክዳኑ ላልቶ ኖሮ፣ ዳገቱን ሳንጨርስ የቤንዚንና የተቃጠለ ዘይት ሽታ ሚኒባሱን ሞላው። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች መስኮት ከፍተው ወሬያቸውን ቀጠሉ፤ እኔ ግን ምራቄ አፌን ሞልቶት፣ ሾፌሩን አስቁሜ ወረድኩና መንገድ ዳር አስመለስኩ። ረዳቱ ውኃ እያቀበለኝ «እህቴ፣ መኪና አይስማማሽም እንዴ?» አለኝ። መኪና ይስማማኛል። ያልተስማማኝ ያደግኩበት ግቢ ነው።

አባቴ ታዬ ቴፒ ውስጥ የታወቀ መካኒክ ነበር፤ ጋራዡም ግቢያችን ነበር። ቡና በሚለቀምበት በበጋው ወራት የመፈልፈያ ሞተሮች፣ ጄኔሬተሮችና የጭነት መኪና ሞተሮች በጋሪም በሰው ሸክምም እየመጡ በራችን ላይ ይወርዱ ነበር። አባቴ ሞተሩን አቮካዶው ሥር በተጋደሙት ግንዶች ላይ ያስቀምጥና፣ ቤንዚንና ናፍጣ ቀላቅሎ እያፈሰሰበት በብሩሽ ይፈትገው፣ ብሩሹ የማይደርስበትን ደግሞ በባዶ እጁ ገብቶ ይጠርገው ነበር። ከዚያ ውስጥ የሚወጣውን ነገር ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል፤ ጥቁር፣ የሚሳብ፣ የቡና ገለፈት፣ ፀጉርና የሞቱ ነፍሳት የተለወሱበት ዝቃጭ ነበር፤ ከጣቱ ላይ እየተንጠባጠበ መሬት ላይ ይተኛና፣ ቀስ ብሎ ቁልቁል ወደ እናቴ የጎደሬ መደብ ይሄድ ነበር።

ቤት ውስጥም ቢሆን ማምለጫ አልነበረም። አባቴ ምሳ ሲደርስ እጁን በዱቄት ሳሙናና በአሸዋ ይፈትግ ነበር፣ ግን ጥፍሩ ሥርና የመዳፉ ስንጥቅ ውስጥ ያለው ጥቁረት አይለቅም ነበር። በአንድ ሳህን እንበላ ስለነበር፣ የእሱ እጅ የነካው ወጥ ናፍጣ ናፍጣ ይለኝና ጉሮሮዬ ላይ ይቆም ነበር። አባቴ ልጆቹን ማጉረስ ይወድ ነበር፤ ያ ጥቁር ጣት ወደ አፌ ሲመጣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሳላላምጥ እውጠው ነበር። ቱታውን እናቴ የምትዘፈዝፍበት ሳፋ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ የምንታጠብበት ሳፋ ነበር፤ የወንድሜ ጀርባ ሽፍ ብሎ እስኪቆስል ድረስ ምክንያቱን ያሰበበት ሰው አልነበረም።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር ግቢው ይብስበት ነበር። ውኃው ላይ ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም እየተንሳፈፈ አጥሩን አልፎ ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ ዘይነባ ግቢ ይወርድ ነበር። በአንዱ በልግ እናቴ ብዙነሽ ጎደሬ ቆፍራ ቀቀለች፤ ልጣጩን ስታነሳው ውስጡ ግራጫ ሆኖ እንፋሎቱ እንደ ጋራዥ ሸተተ። አንዷን ቆርሳ ቀመሰችና ተፍታ፣ ድስቱን እንዳለ አውጥታ ደፋችው።

«ይሄ ሰው መሬቱንም ሞተር አደረገው» አለች።

በዚያው ሳምንት እትዬ ዘይነባ፣ ላባዋ በዘይት የተጣበቀ የሞተች ዶሮ በፌስታል ይዛ መጣችና አባቴ ፊት ዘረጋችው።

«ታዬ፣ ከናንተ ግቢ የሚወርደውን ውኃ ጠጥታ ነው። ነገ ልጆቼ ቢጠጡትስ?»

«የዶሮ በሽታ ገብቷል አሉ እኮ፣ እትዬ» አላት አባቴ፣ ብሩሹን ሳያስቀምጥ።

«በሽታ ናፍጣ ይሸታል?»

አባቴ ዶሮዋን አንስቶ አፍንጫው ድረስ አስጠጋና «እኔ ምንም አልሸተተኝም» አለ። እናቴ በኀፍረት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ ሁላችንም አውቆ የካደ መሰለን።

ክረምት ሲገባ ደግሞ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከመሀል አገር አዲስ የሞተር ማጠቢያ አመጣለት። ጀሪካኑ ላይ የነበረው ጽሑፍ ተልጦ ስለነበር ምን እንደሆነ፣ በምን እንደሚበረዝ ማንም አያውቅም፤ ሾፌሩ «አሲድ ነው» አለ፣ እኛም አሲድ አልነው። አባቴ በደስታ ሰከረ። ለዓመታት የተጋገረ ግሪስ ላይ ሲያፈሰው ወዲያው እየተፍለቀለቀ ይለቅ ነበር፤ ሽታው ግን ጣፋጭ ሆኖ ይጀምርና ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ይፋጅ ነበር። ሰንበትበት ሲል የአባቴ ጣቶች ቆዳ እንደ ድንች ልጣጭ መነሳት ጀመረ፤ እየበላን ሳለ አንዱ ቁራጭ ተልጦ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቀረ። ወንድሜ እየሮጠ ወጣ፣ እኔም ተከተልኩት።

እናቴ ከገበያ የጎማ ጓንት ገዝታ ሰጠችው። «ጓንት አድርጌ ብሎኑ እንዴት ይሰማኛል?» ብሎ ሚስማር ላይ ሰቀለው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የያዘው ዝናብ አላባራ ሲል፣ አባቴ የጄኔሬተር ሞተር ፈታቶ ከመኝታ ቤታችን ጎን ወዳለችው መስኮት አልባ ዕቃ ቤት አስገባ። ውሽንፍሩ ዕቃውን እንዳይነካበት በሩን ከውስጥ ዘጋው። ለምሳ ብንጠራው መልስ ስላጣን እናቴ ሄዳ በሩን ስትከፍት፣ ሽታው እንደ ጥፊ መልሷት ወደ ኋላ አለች። አባቴ ፈሳሹ የተሞላበት ሳፋ አጠገብ በግንባሩ ወድቆ፣ አንድ እጁ እስከ ክርኑ ሳፋው ውስጥ ገብቶ ነበር። በነጠላዋ አፍንጫዋን አፍና ገባች፣ በብብቱ ይዛ እየጎተተች አውጥታ ዝናቡ ላይ አስተኛችው፣ «ውኃ! ውኃ አምጪ!» እያለች ጮኸችብኝ። እኔ እጁ ላይ ውኃ ሳፈስ እሱ ዓይኑን ሳይገልጥ አስመለሰ፤ እግሬ ላይ የፈሰሰው ትፋት ራሱ ያንን ማጠቢያ ይሸት ነበር። አባቴ የሚሞት መስሎኝ እያለቀስኩ እንኳ ተጸየፍኩት፤ ሁለቱ ስሜቶች ባንድ ልብ ውስጥ እንዴት እንደተቻቻሉ አላውቅም።

ጎረቤት ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አደረሰው። ነርሷ እጁን በፋሻ እየጠቀለለች «የታፈነ ቤት ውስጥ ነው የሠራኸው? ትንሽ ብትቆይ ኖሮ አትነሳም ነበር» አለችው። እሱ ራሱን ነቀነቀ። ፋሻው ሳይፈታ ግን ያንኑ ጀሪካን ሲከፍት እናቴ አየችው። አልጮኸችም። ልብሳችንን በማዳበሪያ ከረጢት ከትታ እኔንና ወንድሜን ይዛ ሸኮ፣ አባቷ ቤት ገባች።

የክረምቱን ቀሪ ጊዜ ሸኮ ከረምን። አያቴ ቤት ቆጮው ቆጮ ቆጮ፣ ጎመኑ ጎመን ጎመን ይል ነበር፤ ምግብ የራሱ ጣዕም እንዳለው ያወቅኩት ያኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የወንድሜ ጀርባ ሻረ። አባቴ ግን ይናፍቀኝ ነበር፣ ሲናፍቀኝም ሽታው አብሮ እየመጣ ያስጠላኝ ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ አባቴ መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከስቶ፣ በሩ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ተቀመጠ። አያቴ እናቴን አስጠሩና «በሉ፣ ሁለታችሁም የልባችሁን ተናገሩ» አሉ።

«እኔ የምናገረው የለኝም» አለች እናቴ። «እዚያ ግቢ አንድ ሞተር እንኳ እስካለ ልጆቼን አልመልስም።»

አባቴ መሬት መሬቱን እያየ «ባለፈው ወጥ ጥጄ ነበር» አለ። «አጠገቡ ቁጭ ብዬ ብሎን እያጠበቅኩ ሳለ እትዬ ዘይነባ እየጮኸች ገባች። ወጡ አርሮ፣ ድስቱ ከስሎ፣ ቤቱ ጭስ በጭስ ሆኗል። ጭሱን ሳየው ነው ያወቅኩት። ሽታው አልመጣልኝም፣ ብዙነሽ። ቡናም፣ ሽንኩርትም፣ ቤንዚንም አስጠግቼ ሞከርኩት። ምንም የለም። አፍንጫዬ ሞቷል።»

እናቴ ቀና ብላ አየችው። «ከመቼ ጀምሮ?»

«እንጃ። እናንተ ሸተተን ስትሉ እኮ የምታበዙት ይመስለኝ ነበር። የዶሮዋም ጊዜ አልዋሸሁም።»

አያቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እናቴ ተነሥታ ጓዳ ገባችና ቆይታ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «እንግዲያው የኛን አፍንጫ ስማ» አለችው።

ሞተሮቹ ከግቢያችን ወጥተው ከከተማው ዳር፣ ወንዝ በሌለበት ሜዳ ላይ ሰፈሩ፤ እኛም ወደ ቤታችን ተመለስን። ቱታው እዚያው ይቀር ጀመር፣ እጣቢው በበርሜል ይጠራቀም ጀመር። አባቴ ጓንቱን እያጉረመረመ ለመደው። ያቺ የጎደሬ መደብ ግን እስከዛሬ የረባ ነገር አታበቅልም፤ የአባቴም አፍንጫ አልተመለሰም።

እኔ ዛሬ ቴፒ አቅራቢያ ባለ አንድ ቡና መፈልፈያ የማሽን ጥገና ኃላፊ ነኝ፤ ዘመዶቼ ይገርማቸዋል። ሞተር የምናጥበው ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ በረድ ብሎ፣ ባትሪው ተነቅሎ፣ ሽቦው በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው፤ ጽሑፍ የሌለበት ጀሪካን ግቢያችን አይገባም፤ ጓንትና መነጽር ያላደረገ ሠራተኛ ብሩሽ አይነካም። የአሁኖቹ ማጠቢያዎች ሎሚ ይሸታሉ፣ ከሎሚው ሥር ግን ያው ነገር አለ፣ እኔም ያው ይዘገንነኛል። መጸየፌን እንደ ድክመት አላየውም፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉም ቀድሞ የሚነቃው እሱ ነው።

አባቴ አርጅቶም ሞተር ማየት አይጠላም፣ አንዳንድ ቀን ከዘራውን ይዞ ይመጣል። የምናጥብበት ቦታ ሲደርስ ይቆምና «ይሸታል?» ይለኛል። «ይሸታል፣ አባዬ» እለዋለሁ። ያኔ እናቴ ስትነግረው ቃሏን አይሰማም ነበር፤ ዛሬ እኔ ስነግረው፣ ምንም ሳይሸተው፣ ነፋሱ ሽታውን ወደማያመጣበት በኩል ዞሮ ይቀመጣል።