የባሕር ጭቃ በዳባት መንገድ

ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጡት እናት የባሕር ጭቃ የሞላበት ጠርሙስ ታቅፈዋል። መኪናው በዘለለ ቁጥር ትንፋሻቸውን ይይዛሉ።

«እማማ፣ ከወንበሩ ሥር ላስቀምጥልዎ?» አለ ረዳቱ።

«ተው ልጄ፣ ነፍስ አለበት!»

ባሕር ውስጥ ሰጥሞ የቀረው ልጃቸው የዳርቻውን ጭቃ ያጠና ነበር። «እምዬ፣ እዚህ ጭቃ ውስጥ የሚኖሩት ትሎች ሲቆፍሩ አየር ያስገባሉ፤ በጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ያለው ብረትም ይዝጋል። ጉድጓዳቸው ከቀላ በሕይወት አሉ ማለት ነው፤ ጨው ያለው ውኃ ብቻ ስጫቸው» ብሎ ነበር ጠርሙሱን የሰጣቸው።

ሰሞኑን ቀዩ ሲደበዝዝባቸው ጨነቃቸውና የኪዳነምሕረትን ጠበል አፈሰሱበት። ጠበል ግን ጨው የለውም። ጭቃው ከል ለበሰ።

«የዳባቱ የባዮሎጂ መምህር ያድንልኝ ይሆን፣ ልጄ? የቀረኝ እኮ ይኸው ነው» አሉኝ።

ከዚያ ጠርሙሱን በነጠላቸው ጠቅልለው፣ አንጀት በሚበላ ዜማ «እሹሩሩ» ይሉት ጀመር።