ከአንድ ሚሊዮን የምትተርፈው አንዷ

ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ትርፍ ቁጥር መቀመጫ ነስታኛለች!

እናቴ፣ ድምጿ የጠፋብን እህቴ ከሳዑዲ በሰላም እንድትገባ፣ በነቢዩ ላይ አንድ ሚሊዮን ሶለዋት ልታወርድ ተስላለች። "በሙስበሃዬ ስንት ዙር ይሆናል?" አለችኝ። የመቁጠሪያዋ ዶቃ ዘጠና ዘጠኝ ነው።

በስልኬ አካፈልኩት። አሥር ሺህ አንድ መቶ አንድ ዙር ሆኖ አንድ ተረፈ።

በትንሹ፣ በሠላሳ ሦስት ዶቃው ሞከርኩ። አሁንም አንድ! ለሰባት ጎረቤት ላከፋፍለው አልኩ፤ አንድ። ለአሥራ አንድ፣ ለአሥራ ሦስት፤ ያቺው አንድ!

(የሒሳብ አስተማሪ ነኝ እኮ። ከቤት ወጥቼ ሐይቅ ዳር ብቻዬን እያወራሁ ስንቆራጠጥ ተማሪዎቼ አይተውኛል።)

ተመልሼ "እማ፣ አንዷ የትም አልገባ አለች" አልኳት።

"ታዲያ ምን ያንቆራጥጥሃል? እሷን እህትህ ራሷ በሩን ስትረግጥ ትላታለች" አለችኝ።

እናንተስ ቤት፣ ላልመጣ ሰው የተተወ ምን አለ?