ከማይክሮፎኑ በግራ በኩል

ጫጩት የምንላት በሥራዋ እንጂ በመልኳ አይደለም። ግዙፍ ሴት ናት፤ ተቆጥታ ስትወጣ ደረጃው ይንቀጠቀጣል። ግን ቅዳሜ ጠዋት በቴሌቪዥን ይታይ በነበረው ካርቱን ውስጥ የምትንጫጫዋን ጫጩት በእኛ ቋንቋ የምታናግረው እሷ ነበረች። ከጫጩቷ ጋር አንድ ጣሪያ ላይ የሚኖረውን ጎርናና ቁራ ደግሞ ወንድሟ። ድምፃቸውን የምቀዳው እኔ ነበርኩ።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። እሱ ወሬኛ፣ ሳቂታ፣ በገዛ ቀልዱ ቀድሞ የሚስቅ፤ እሷ ከጫጩቷ ውጪ እምብዛም የማትናገር። ግድግዳዋ ላይ ብርድ ልብስ በሚስማር በመታንባት ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ማይክሮፎን ይጋሩ ነበር፤ እሱ በግራ፣ እሷ በቀኝ። ያን ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩ ጭር ይላል። ልጆቹ ሁሉ ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለዋል።

ወንድሟ በመኪና አደጋ ሞተ። እናታቸው የልብ ሕመምተኛ ናቸው፤ ከቤትም አይወጡም። ዘመድ ተሰብስቦ መከረና፣ «ሩቅ አገር ሥራ አገኘ፤ ድምፁን እዚያው እየቀዳ ይልካል» ተባለላቸው። የሰው ነገር! ውሸቱን የፈጠሩት ሁሉም ናቸው፤ የተሸከመችው እሷ ብቻ።

በሳምንቱ ስቱዲዮ መጣች። የጫጩቷን ድርሻ በቀኝ ቆማ ተናገረች። ከዚያ ወደ ግራ ፈቀቅ አለች፣ ጉሮሮዋን ጠራረገችና ቁራውን ተናገረችው። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወለቅኩት፤ ሟቹ እዚያ ውስጥ ነበር። «ምን ትጠብቃለህ? ቅዳ እንጂ» አለችኝ፣ አሁንም በእሱ ድምፅ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እናቷ ወንበራቸው ላይ ሆነው የልጃቸውን ድምፅ ይሰማሉ። እሷም አፏን ዘግታ አጠገባቸው ትቀመጣለች። አንድ ቀን እንኳ «ለምን ስልክ አይደውልም?» ብለው አልጠየቁም። ይህ ያኔ ሊገርመን ይገባ ነበር።

ቁራው ግን ከስቱዲዮ አብሯት መውጣት ጀመረ። ዳቦ ስትገዛ በእሱ ድምፅ ትጠይቃለች፤ ባለሱቁ ቀና ብሎ ያያታል። አንድ ቀን እንደ ቀልድ፣ «ወንድምሽን ሰላም በዪልኝ» አልኳት። ፊቷን አዙራ ሄደች። ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

ኋላ የቅዳሜው ጠዋት መሸርሸር ጀመረ። መጀመሪያ ሰዓቱ ተቆረሰ፤ ቀጥሎ የቤት ዕቃ ማስታወቂያ መሀሉ ገባበት። በመጨረሻ የጣቢያው ኃላፊ ጠራንና፣ «ልጆቹ እኮ ስልክ ይዘዋል። ባሻቸው ሰዓት ያሻቸውን ያያሉ። ለማን ብለን ነው?» አለን። እውነቱን ነው፤ የገዛ ልጄም አልጋው ውስጥ ተጠቅልሎ ነው የሚያየው። ቢሆንም በጥፊ ልለው አማረኝ። የጫጩት ፊት ዐመድ መሰለ። ወንድሟ ለሁለተኛ ጊዜ ሊሞትባት ነው፤ አሁን ደግሞ እናቷም መርዶውን ሊረዱ ነው።

«ብቻዬን አልችልም፣ አብረኸኝ ና» አለችኝ በዚያው ጎርናና ድምፅ።

ካርቱኑ ከተቋረጠ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ አብሬያት ሄድኩ። እናቷ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ሰውዬ መጥበሻ እያሞገሰ ይሸጣል። ጫጩት እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ገና አፏን ሳትከፍት እጃቸውን አነሡ።

«ተይ፣ አውቃለሁ» አሉ። «እሱ ቁራውን ሲያወራ፣ ከመሳቁ በፊት በአፍንጫው ‹እምፍ› ይል ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲያ ነው። ያቺን ‹እምፍ› ረሳሻት። በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ፣ እማማ?» አልኩ እኔ።

«ምን ልበል ልጄ? እሷ ለእኔ ስትል ተሸከመችው፤ እኔም ለእሷ ስል ሆድ ይፍጀው አልኩ። እሷ ሥራ ስትውል አልቅሼዋለሁ።» ከዚያ የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ። «አሁን በቃ፣ እሱን ልቀቂው። በራስሽ ድምፅ እማዬ በዪኝ። እሱ ከሞተ ወዲህ አልሰማሁትም። የናፈቃችሁኝ ሁለታችሁም ናችሁ።»

ጫጩት አፏን ከፈተች። «እማዬ» አለ ቁራው።

ደነገጠች። አፏን በእጇ ያዘች፣ ተነሣችና ወደ ቀኝ ፈቀቅ አለች፤ እዚያ ሳሎን መሀል ማይክሮፎን የቆመ ይመስል። «እማዬ» አለች ጫጩቷ፣ በቀጭኑ። የራሷ ድምፅ እንዴት እንደነበር ላስታውስ ሞከርኩ። ስንት ዘመን አብሬያት ሠርቼ፣ አልመጣልኝም።

እናቷ ቴሌቪዥኑን አጠፉት።

«ቀስ በዪ ልጄ» አሉ። «እጠብቅሻለሁ።»