የቢሻው አረማመድ

መካነ ሰላም ውስጥ ፈርሂያን የማያውቅ ወጣት ካለ ወይ ኳስ የማይወድ ነው፣ ወይ ትናንት ከአቀስታ የመጣ ነው። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች የቆርቆሮ በር አለች። በሯን ገፋ ሲያደርጉት አግዳሚ ወንበሮች፣ ሁለት ቴሌቪዥኖች፣ ከሥራቸው ሁለት ፕሌይስቴሽኖች፣ ጥግ ላይ ደግሞ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን አጣጥፋ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ የተቀመጠች ፈርሂያ ትገኛለች። ተጫዋቾቹ ሲጣሉ ትገላግላለች። ጆይስቲክ የወረወረውን ታባርራለች፤ የተባረረው በነጋታው ሲመጣ ምንም እንዳልተፈጠረ ታስገባዋለች። ይህን ያህል ዘመን የጎል ጩኸት እየሰማች ኖራ እሷ ራሷ አንድም ቀን ተጫውታ አታውቅም ነበር። ሲጠይቋት «እኔ ጠባቂ ነኝ» ትላለች።

እውነቷን ነው። ቤቱን የከፈተው ታናሽ ወንድሟ ቢሻው ነበር። ከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ልቡ ተነሳና በጅቡቲ በኩል ዐረብ አገር ልሻገር አለ። ጃኬቱን ለሰው አስይዞ ለአፍታ ወጣ እንደሚል ሰው «እስክመለስ ያዥልኝ» ብሏት ሄደ። ከባሕሩ ዳር ሆኖ ደወለ፤ ጀልባ ሊሳፈሩ መሆኑን ነገራት፣ ዱዓ አድርጉልኝ አላት። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። አብረውት ከሄዱት አንዳንዶቹ ሪያድ ገብተው ቤተሰብ ይረዳሉ፤ አንዳንዶቹ የሉም። ቢሻው ከየትኞቹ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።

ቢሻው ልጅ ሳለ በቅሎ ረግጣው ነበርና አረማመዱ ልዩ ነው። ቀኝ እግሩን ወደ ውጭ ወርወር፣ ግራ ትከሻውን ጣል ያደርጋል። ከሩቅ ሲመጣ ፊቱ ሳይለይ በፊት አረማመዱ ይለያል። እናታቸው በሕይወት ሳሉ ከበሩ ላይ ሆነው «መጣልሽ፣ ወጡን አሙቂ» የሚሉት ትከሻውን አይተው ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ፊልም ነው። በፍላሽ ከተጫኑ ብዙ ፊልሞች መካከል የነበረ፣ ማንም ያልፈለገው ፊልም ነው። ከምድር በራቀ ኮከብ ላይ ያለ ከተማ ይታያል፤ ሰማዩ ቀይ፣ አቧራው ቀይ፣ ሰዎቹ ውሃ ፍለጋ ቀን ከሌት ይቆፍራሉ። ቋንቋውን ስለማታውቀው ታሪኩ ብዙም አልገባትም። አንድ ቀን ጠዋት ቤቱን እየጠረገች ከፈተችው። ጀግናውና ፍቅረኛው መንገድ ላይ ቆመው ሲጨቃጨቁ ከኋላቸው ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቶ ያልፋል። ቀኝ እግሩ ወርወር፣ ግራ ትከሻው ጣል። ጥጉን ይታጠፋል፣ በቃ፤ ፊልሙ ወደ ጭቅጭቁ ይመለሳል። ፈርሂያ መጥረጊያውን እንደያዘች አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

ፈርሂያ ሞኝ አይደለችም። ሰውዬው የማታውቀው ባዕድ ተዋናይ እንደሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ካፖርት ለብሶ የተመላለሰበትን ተቀብሎ ቤቱ እንደገባ ታውቃለች። ይሁን እንጂ ማወቋ ዓይኗን አልከለከለውም። በማግስቱም ከፈተችው፣ በሣልስቱም። ቤቱን ለሰው ከመክፈቷ በፊት ያቺን ቦታ ፈልጋ፣ ሰውዬው ጥጉን እስኪታጠፍ አይታ፣ ቴሌቪዥኑን ታጠፋና በሩን ወለል ታደርጋለች። በክረምት ከዐባይ ሸለቆ የሚነሳው ጉም በበሩ ስንጥቅ ይገባል፤ የቴሌቪዥኑ ቀይ ብርሃን ሲያርፍበት ቤቱም ያንን ከተማ ይመስላል። ያን ጊዜ አእምሮዋ ከሰውዬው ጋር ጥጉን ይታጠፋል። ከጥጉ ወዲያ ሻይ ቤት አለ። ቢሻው ካፖርቱን አራግፎ ይቀመጣል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ያዝዛል። ደክሞታል እንጂ አልተከፋም። ቤቱን ማን ይዞልኝ ይሆን ብሎ እንኳ አያስብም፤ ማን እንደያዘለት ያውቃላ።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለአጎቷ ለጋሽ አራጌ ብትነግራቸው ደግሞ ጠበል አይሏትም፣ ሼህ ዘንድ ይወስዷት ነበር። ጋሽ አራጌ የእናቷ ወንድም ናቸው፤ ለስላሳ፣ ግን ያመኑበትን የማይለቁ ሽማግሌ። መውሊድ በቀረበ ቁጥር ሙስበሃቸውን፣ የዱዓ መቁጠሪያቸውን፣ እየቆጠሩ ይመጣሉ፣ በሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ያቺኑ ነገር ያነሳሉ።

«ልጄ፣ ሰደቃውን እናውጣለት። በሕይወት ያለ ሰው ይህን ያህል ዝም አይልም። እኛ እዚህ እናመነታለን፣ እሱ ዱዓ ይጠብቃል።»

«ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡኝ።»

«እስከ መቼ?»

ሰደቃው የወጣ ዕለት በጉ ይታረዳል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ከዚያ በኋላ ስሙ ብቻውን አይጠራም። መርሁም ቢሻው፣ ሟቹ ቢሻው፣ ይባላል። ያቺን አንዲት ቃል ከፊቱ ሲያስቀምጡበት ከጥጉ ወዲያ ያለው ሻይ ቤት እንደሚዘጋ ፈርሂያ ታውቃለች። እሱን ነው ያልቻለችው።

ዘንድሮ ታዲያ በእውቀቱ መጣ። በእውቀቱ ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝበት እየመጣ ኳስ ይጫወታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ይሸነፋል፣ ጥፋቱን በጆይስቲኩ ያሳብባል። ያን ቀን ቀድሞ መጥቶ ፊልሙ ተከፍቶ አገኘውና «እንዴ፣ ይሄ ፊልም እኮ ጌም ሆኗል» አላት።

«ጌም ሆኗል ማለት?»

«ከተማው በሙሉ አለ ማለት ነዋ። ፊልሙ ላይ ያሳዩሽን ብቻ ነው የምታዪው። ጌሙ ላይ ግን ባሻሽ መንገድ ትሄጃለሽ፣ ያሻሽን ጥግ ትታጠፊያለሽ። ወላሂ እታለም፣ ደሴ ስሄድ አመጣልሻለሁ፤ ቤቱ ይሞላል።»

ፈርሂያ ስለ ቤቱ መሙላት አልሰማችም። ያሻሽን ጥግ ትታጠፊያለሽ የምትለዋ ላይ ቀርታለች። በዚያ ሳምንት ጋሽ አራጌ ሲመጡ የወትሮውን ቃል ትታ «ለመውሊድ መልሴን ይሰማሉ» አለቻቸው። ሽማግሌው ደነገጡ፤ ይህን ያህል ይሳካልኛል ብለው አልመጡም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመካነ ሰላም ወጣት ያላየው ነገር የለም። ፈርሂያ መጫወት ጀመረች። ጆይስቲኩን እንደ ሞቀ ድስት በሁለት እጇ ርቃ ይዛ፣ ተጫዋቿን ወደ ራሷ ጎል እየነዳች፣ ኳሷን ለተጋጣሚ እያቀበለች። ሣቁባት። እሷም ሣቀች። ግን አልተወችም፤ መራመድ፣ መዞር፣ ቆም ማለት ቻለች። ከዚያ ውጭ ምንም አላስፈለጋትም።

ጌሙ የደረሰው ጉሙ ከተማውን ውጦ በሬና ሰው በማይለይበት ከሰዓት ነው። ወሬው ተሰምቶ ቤቱ ጢም አለ። አግዳሚው አልበቃ ብሎ መሬት የተቀመጠ ነበር። በእውቀቱ የሙሽራ ሚዜ ይመስል እጅጌውን ሰብስቦ ጀመረ።

ጌሙ የማይረባ ነበር። የሚያስፈልገው መተኮስ ብቻ፤ ተኩሰህ ትሄዳለህ፣ ሄደህ ትተኩሳለህ። ጀግናው እንደ እንጨት የደረቀ ነው። በሮቹ ግድግዳ ላይ የተሳሉ ናቸው እንጂ አይከፈቱም። የፊልሙ ውሃ የለ፣ ፍቅረኛይቱ የለች፣ ሻይ ቤት ብሎ ነገርማ ከየት መጥቶ። ጠላቶቹ ደግሞ ግንብ ሲገጥማቸው ዞር ማለት የማይችሉ ደነዞች ናቸው፤ ግንቡን ፊት ለፊት እየገፉ እዚያው ይራመዳሉ። አንዱ «ይሄን የሠራው ሰው ፊልሙን አይቶታል?» አለ። ወዲያው ወደ ኳሳቸው ተመለሱ። በእውቀቱ አፈረ፤ ጌሙን ለሠሩት ሁሉ እሱ ያፈረላቸው ይመስል ነበር። ፈርሂያ ግን ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ ጨዋታውን ፊልሙ ላይ ጀግናውና ፍቅረኛው የተጨቃጨቁበት መንገድ ጋ አድርሶ እንዲያስቀምጥላት ለመነችው። ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ አደረሰላት።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ከውስጥ ገርበብ አድርጋ ብቻዋን ገባች። ቀዩ መንገድ ይኸው። ያ ጥግ ይኸው። ወደፊት ተራመደች፣ ታጠፈች።

ከጥጉ ወዲያ መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም ግራጫ ካፖርት፣ ሁሉም ቀኝ እግሩን ወርወር፣ ግራ ትከሻውን ጣል። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ሥራ ለማቅለል የአንዱን ሰውዬ አረማመድ ወስደው ለሁሉም አልብሰውታል። ሌላው ተጫዋች ይህን ልብ ቢለው ስንፍና ብሎ ይሰድብ ነበር። ፈርሂያ ፊት ግን ከጥግ እስከ ጥግ ቢሻው ይመላለሳል። ለዓመታት አንድ እንኳ ያጣችው ልጅ መንገድ ሙሉ ሆኖ መጣላት። ደስታ ነው እንዳትል ያማል፣ ሕመም ነው እንዳትል ዓይኗን መንቀል አልቻለችም።

ካፖርት ለባሾቹ አዩዋትና ተኮሱባት። መልሳ ገባች፤ ተኮሱባት። እሷ መተኮሻውን አልነካችውም። እንዲህ ስትወድቅ ስትነሳ አንድ የፈረሰ ግንብ አገኘች። ከሥሩ ስትሸጎጥ ማንም አያያትም፤ ካፖርት ለባሾቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ከፊቷ ያልፋሉ፣ ይመለሳሉ፣ ያልፋሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እዚያ ግንብ ሥር ተቀመጠች። ከተማው ውጭ በጉም፣ እሷ ውስጥ በአቧራ ተሸፍነው ሰዓቱ ሳይታወቃት ይሄዳል። ፊታቸውን ለማየት አልደፈረችም።

ጋሽ አራጌ የመጡት መውሊድ ሊገባ ሲል ነው። ገርበብ ያለውን በር ገፍተው «አሰላሙ ዐለይኩም» ብለው ገቡ። ፈርሂያ ሰላምታውን መለሰች፣ ቴሌቪዥኑን ለማጥፋት ግን እጇ ዘገየ። ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ነገራቸውን ከመጀመራቸው በፊት ለይሉኝታ ያህል ቴሌቪዥኑን ተመለከቱ። ሙስበሃው ጣታቸው ላይ ቆመ።

«ማነው ያ?» አሉ።

«የቱ ጋሼ?»

«ያ ጀርባውን የሰጠው። ያኛውም። ያኛውም ደግሞ።» ወደፊት ተጠጉ። «ይሄ የቢሻው አረማመድ ነው።»

ፈርሂያ አለቀሰች። ያን ሁሉ ዓመት ራሷን ስትጠረጥር ኖራለች፤ ዓይኗ ያላበደ መሆኑን አሁን ገና የሚነግራት ሰው አገኘች። ስለ ፊልሙም፣ ስለ ሰውዬውም፣ ስለ ጌሙም እያለቀሰች ነገረቻቸው። ጋሽ አራጌ አልተቆጡም። ከጌሙ አንዲት ነገር ብቻ ነበር የፈለጉት።

«ፊቱን አዙሪልኝ።»

«ፊቱን ለማየት ከግንቡ ሥር መውጣት አለብኝ። ከወጣሁ ደግሞ ይገድሉኛል።»

«ሲገድሉሽ ትነሺያለሽ አላልሽኝም? እንግዲያ ውጪ።»

ወጣች። ቅርብ የነበረው ካፖርት ለባሽ ዞረ። ፊቱ ልሙጥ ነው፤ ዓይኖቹ የተሳሉ፣ አፉ የማይንቀሳቀስ፣ የማንም ያልሆነ ፊት። ጥቂት ቆመው ተያዩ። ከዚያ ተኮሰ፤ ቴሌቪዥኑ ጠቆረ።

ፈርሂያ ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ታለቅስ የነበረችው አሁን ዓይኗ ደርቋል። በልቧ ውስጥ፣ ከጥጉ ወዲያ፣ ቢሻው ሻዩን ጨርሶ ከወንበሩ ሲነሳ አየችው። ጫማውን አጠለቀ፣ ካፖርቱን ትቶላቸው ወጣ። ወዴት እንደሄደ ግን አላየችም፤ ሐሳቧ እስከዚያ ድረስ ብቻ ነበር የወሰዳት። ያዥልኝ ያላትን ይዛለታለች። አሁን ደግሞ ዱዓ አድርጉልኝ ያላትን ታደርግለታለች።

«ጋሼ» አለች ረጋ ብላ፣ «ሰደቃውን እናውጣለት። መውሊድ ሳያልፍ። በጉን እኔ አመጣለሁ፣ እርስዎ ሼሆቹን ይንገሩ።»

ቴሌቪዥኑ ላይ ቀዩ መንገድ ተመልሶ በርቷል፤ ካፖርት ለባሾቹ ቀኝ እግራቸውን ወርወር፣ ግራ ትከሻቸውን ጣል እያደረጉ ይመላለሳሉ። ሽማግሌው ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኑረዋል፤ ዓይናቸው መንገዱ ጥግ፣ ሩቅ ባለው አንዱ ላይ ነበር።

«ቆዪ እስኪ ልጄ» አሉ። «ያኛው ገና አልዞረም።»

ፈርሂያ አየቻቸው። ከዚያ ጆይስቲኩን መልሳ አነሳችው።