ሚጡን ውሸት ያስተማርኳት እኔ ነኝ

የገባሁ ዕለት መጀመሪያ የፈተሸችኝ በር ላይ የቆመችው ፖሊስ ናት፤ ሁለተኛ የፈተሸችኝ አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። የብረቱ በር ከኋላዬ ተዘግቶ ዓይኔ ጨለማውን ገና ሳይለምድ አንዲት ትንሽ እጅ ቀሚሴን ጎተተችና «እጅሽን ዘርጊ» አለችኝ። ዘረጋሁ። ምን ላድርግ? ብብቴ ላይ ስለማትደርስ ወገቤን፣ ጉልበቴን፣ ካልሲዬን ዳበሰች። ስትጨርስ ከኪሷ ግማሽ ብስኩት አውጥታ ወደ አፌ አስጠጋችና «መጀመሪያ ቅመሺ» አለች።

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ በዚያን ቀን ሳቅ የወጣኝ ያኔ ብቻ ነው። ቆይቼ ግን ነገሩ ገባኝ። ጣቢያ ስንቅ የሚያመጣ ቤተሰብ ሁሉ ምግቡን በር ላይ እንዲቀምስ ይታዘዛል። ልጅቷ ደግሞ ሰባት ወር ሙሉ ያየችው ይህንኑ ነው። እናቷ ጉርሻ ስትሰጣት እንኳ «ቅመሺ» ሳትል አትቀበልም ነበር።

ስም አልጠራም። የከተማዋንም ስም አልጠራም፤ ከአዲስ ዓለም እስከ ጌዶ ባለው መንገድ ላይ ካሉት አንዷ ናት፣ ይበቃል። ልጅቷን ሁላችንም ሚጡ ነበር የምንላት። እናቷ ነርስ ናት። ጥፋቷ በከተማው ረብሻ በተነሳ ቀን ለቆሰሉ ልጆች ቁስላቸውን ማሰሯ ነው፤ ሚጡን የሚይዝላት ዘመድ ስላልነበራት ይዛት ገባች። እኔ ኮሌጅ ውስጥ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። ሰልፍ በተወጣ ቀን ከክፍል የቀሩትን ተማሪዎች ዝርዝር አምጪ ተባልኩ፤ ጠፋብኝ አልኩ። ውሸት እንግዲህ ለእኔም እንግዳ ነገር አልነበረም።

በተያዝኩበት ሳምንት የማስተምረው ምዕራፍ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በባሕር ማዶ ስለ ልጅነት ስለጻፉ ገጣሚዎች ነበር። እንደ እነሱ አባባል ሕፃን ከፈጣሪው ዘንድ ንጹሕ ሆኖ ይመጣል፤ የሚያቆሽሸው ከተማው፣ ፋብሪካው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ባጭሩ ማኅበረሰቡ ነው። ይህን ቃል ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጽፌ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበት ነበር። ስናገረው ደግሞ ያምርብኛል፤ ምን ይደረግ፣ አስተማሪ ድምፁን ይወዳል።

ለአሥር ሰው በማይበቃ ክፍል ውስጥ ሃያ ሦስት ነበርን። ወለሉ እርጥብ ሲሚንቶ ነው፤ የባልዲው ሽታና የልብስ ሳሙና ሽታ ተደባልቀው ልብስ ውስጥ ይገባሉ። ከመካከላችን ከወንጪ በኩልና ከጌዶ በኩል ያመጧቸው ስድስት ልጃገረዶች ነበሩ። ቤተሰቦቻቸው የት እንዳሉ አያውቁም። ስንቅ አይመጣላቸውም፤ ነገ ተጭነው ወደ ሌላ ቦታ ቢወሰዱ ዱካቸውን የሚከተል አይኖርም። ስለዚህ ስማቸውንና ቀበሌያቸውን በስኳር ወረቀት ላይ ጽፈን ልናወጣ ተማከርን። መጻፊያ ክልክል ነው። አንደኛዋ በሹሩባዋ ደብቃ ያስገባቻት ቀጭን የእስክሪብቶ ቱቦ ነበረች፤ ሳሙና ውስጥ ቀበርናት። ጸሐፊዋ እኔ ሆንኩ።

ሁለት ስም ጽፌ ሦስተኛው ላይ ሳልደርስ ፖሊሷ አንድ ጧት ገባችና ማንንም ሳትጠይቅ ወደ ሳሙናው ሄደች። ለሁለት ሰበረችው፣ ቱቦዋን አወጣች፣ ወጣች፤ ወረቀቷን ግን አላገኘችም።

ማን እንደተናገረ ለማወቅ ብዙ መድከም አላስፈለገንም። ፖሊሷ ጧት ጧት ሚጡን ወደ ግቢው አውጥታ ፀሐይ ታሞቃት ነበር። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ሚጡን የምታክል ልጅ አላት ይባል ነበር። ሳትቆጣ፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ብስኩት ከፍታ «አክስቶችሽ ትናንት ምን ሠሩ?» ትላታለች። ልጅ ያየውን ያወራል። ሚጡም አወራች።

«ይቺ ጆሮ ጠቢ!» አለች አንዷ። አምስት ዓመት ላልሞላት ልጅ! ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚጡ ወደ አንዱ ፍራሽ ስትሄድ እግራቸውን ይሰበስባሉ። እሷ ደግሞ ምን እንዳጠፋች ስላልገባት ከፍራሽ ፍራሽ እየዞረች «ልፈትሽሽ?» ትላለች። የሚዘረጋላት እጅ ጠፋ።

ባልዲውን የመድፋት ተራችን ሲደርስ እናቷ ግቢ ውስጥ ያዘችኝ። «ማሎ ባርሲስቱ» አለችኝ። ማሎ በኦሮምኛ እባክሽ እንደማለት ነው፣ ባርሲስቱ ደግሞ አስተማሪ፤ ክፍሉ በሙሉ የሚጠራኝ እንደዚያ ነበር። «አፈር ስሆንልሽ፣ ልጄን ጠሉብኝ። አስተምሪልኝ።»

«ምን ላስተምራት?»

«መዋሸት ነዋ! እኔ ስነግራት ታለቅሳለች። አንቺ ትችይበታለሽ።»

«ልጅ እኮ ናት» አልኳት።

«ልጅ መሆኗንማ እነሱም አውቀዋል» አለችና ባልዲዋን አነሳች።

እምቢ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። በዚያ ላይ ሁለተኛ ቱቦ በተቀቀለ ድንች ውስጥ ገብታልን ነበር፤ በቀሚሴ ጠርዝ ሰፍቼያታለሁ። አራት ስም ይቀረኛል።

ሚጡን ጥግ ላይ አስቀመጥኳትና «አሁን እኔ ፖሊሷ ነኝ» አልኳት። «ሚጡዬ፣ ብስኩት ልስጥሽ። ማነው የሚጽፈው?»

«አንቺ ነሻ!» አለችና በሳቅ ፈረሰች።

እኔም ሳቄ መጣ። ግን ሥራዬን አውቃለሁ፤ ከቀላሉ ጀመርኩ። ብስኩቱን አትዪ፣ ዓይኔን እዪ። ቶሎ አትመልሺ። «እኔ እንጃ» ካልሽ በኋላ አፍሽን ዝጊ፤ ሆድ ይፍጀው። በትክክል ስትመልስ አቅፋታለሁ፣ ስትሳሳት ፊቴን አዞራለሁ። ፊቴን ሳዞርባት ምን ያህል እንደምትጨነቅ አይቻለሁ። አይቼም ቀጠልኩ።

በሦስተኛው ቀን «ማነው የሚጽፈው?» ስላት ትክ ብላ አየችኝና ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገች። «እኔ እንጃ፤ ተኝቼ ነበር።»

«ተኝቼ ነበር» የምትለውን እኔ አላስተማርኳትም፤ ከራሷ ጨመረችው። ሴቶቹ እየተሻሙ ሳሟት። እኔን ደግሞ ደስ አለኝ! በሥራ ዘመኔ እንደሷ ፈጣን ተማሪ አላጋጠመኝም፤ ደስታዬ የአስተማሪ ደስታ ነበር። ከሁሉም አብልጦ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

በመካከላችን ከደቡብ መጥታ ልብስ የምትነግድ አንዲት ሙስሊም ሴት ነበረች። በአድማው ቀን ሱቅሽን ዘጋሽ ተብላ ነው የገባችው። ዋስ ተገኝቶላት በማግስቱ ልትፈታ ነው፤ ሦስት ልጆቿ ጎረቤት ዘንድ ናቸው። ዕቃዋን ከጧት ጀምራ አስራ መስገጃዋን ብቻ አስቀርታ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ሚጡ በጭቃ እግሯ መስገጃዋን ስለረገጠችባት የልጅቷን ጆሮ ቆንጠጥ አድርጋ ነበር።

ነጋዴዋ ዕቃዋን ባሰረችበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ፖሊሷ ከአለቃዋ ጋር መጣች። የመጨረሻውን ስም ጽፌ መጨረሴ ነበር። ወረቀቷ ከእጄ ወደ ጎኔ ላለችው፣ ከእሷም ወደሚቀጥለው አለፈች፤ ቱቦዋን ወደ ቀሚሴ ጠርዝ መለስኳት። ፖሊሷ ሚጡን መሀል አቆመቻት።

«ሚጡ፣ እዚህ ማነው የሚጽፈው?»

«እኔ እንጃ፤ ተኝቼ ነበር።»

ዓይኗን ሳትሰብር! አለቃው ግን ብስኩት የሚያባክን ሰው አልነበረም። «ንገሪን፤ ያለዚያ እናትሽን ነው የምንወስዳት» አላት።

ይህን አላስጠናኋትም። ሚጡ እናቷን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ጣቷን ቀስራ «እሷ ናት» አለች፤ ነጋዴዋን።

«እኔ? ወላሂ፣ እኔ መጻፍ የት አውቄ! በጣት ነው የምፈርመው!» ሴትዮዋ መስገጃዋን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች።

«ዕቃሽን ያዢ፣ ውጪ» አላት። ዕቃዋ ታስሮ ነበር።

ይህን ስጽፍ ልቀንሰው የምችለው አንድ ነገር አለ፤ አልቀንሰውም። መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ሴትዮዋ በፍራሾቹ መሀል እየተደናቀፈች በሩ ጋ እስክትደርስ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። በሩ ላይ ዞር ብላ ሚጡን አየቻት፤ አልተራገመችም፣ ግራ ገብቷት ብቻ አየቻት። ያኔ ተነሳሁ።

«እሷን ተዋት። የምጽፈው እኔ ነኝ» አልኩና የቀሚሴን ጠርዝ በጥርሴ ቀድጄ ቱቦዋን ሰጠሁት።

ክፍሉ ውስጥ የተሰማው የሚጡ ድምፅ ነው። «ዋሽቼልሽ እኮ!» አለችኝ፣ እያለቀሰች። «ዋሽቼልሽ እኮ ባርሲስቱ! ለምን ነገርሻቸው?»

አለቃው ሳቀ። «አስተማሪ ናት ሲሉኝ ነበር» አለ። «እውነትም ታስተምሪያለሽ።»

ሲወስዱኝ ወደ ሚጡ አልዞርኩም።

አሥራ አንድ ቀን ለብቻዬ ቆየሁ፤ ስለዚያ ክፍል የምናገረው የለኝም። ነጋዴዋ በማግስቱ ተፈታች። ወረቀቷን በመስገጃዋ እጥፋት ውስጥ አድርጋ ያወጣችው እሷ ናት፤ የልጃገረዶቹ አባቶች በር ላይ ስም እየጠሩ መጡ። ወደ ክፍሉ ስመለስ ነርሷና ሚጡ የሉም፤ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል አሉኝ።

ዛሬም ያንን ምዕራፍ አስተምራለሁ። ማኅበረሰብ የሚለውን ቃል እጽፋለሁ፤ ማስመር ግን ትቻለሁ። ማኅበረሰብ ማለት ማን ማን ነው ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ እስካሁን የለም።

ባለፈው ዓመት ደም ግፊቴን ልለካ አንድ ጤና ጣቢያ ገባሁ፤ ክንዴን የያዘችው ነርስ ቀና ብላ አየችኝና «ባርሲስቱ!» ብላ ጮኸች። ተቃቅፈን አለቀስን። ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጥታ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ወንበር ላይ ታጠናለች፤ ረዝማለች። እናቷ ጆሮዬ ላይ «ምንም አታስታውስም፣ ጌታ ይመስገን» አለችኝ። ልጅቷ ባጃጅ እስካገኝ ልትሸኘኝ ወጣች።

መንገዱ ዳር ስንደርስ «መምህርት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለች። «ያኔ ለምን ተናገሩ?»

ደነገጥኩ። «ታስታውሻለሽ እንዴ?»

«ለእማዬ አላልኳትም። የረሳሁ ሲመስላት ደስ ይላታል።»

«ሴትዮዋ ያለጥፋቷ ስትወሰድ ማየት አልቻልኩም» አልኳት። «ውሸቱ ደግሞ የእኔ ነበር እንጂ ያንቺ አልነበረም።»

ጫማዋን አየች። «እኔ እኮ» አለች፣ «በደንብ ስላልዋሸሁ ነው የተናገሩት ብዬ ነበር። እስካሁን የሚመስለኝ እንደዚያ ነው።»

ባጃጅ መጥታ ቆመች። ሂድ አልኩት ሹፌሩን። ከመንገዱ ዳር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና አጠገቤ እንድትቀመጥ ለመንኳት፤ ከየት እንደምጀምር ግን አላውቅም ነበር።