ድንጋይ ታቅፌ ወደ ወልዲያ

እማ ድናለች! ዛሬ ጠዋት ከወልዲያ የመጣ ነጋዴ «ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ በእግሯ ስትሄድ አይቻታለሁ፤ ነገ እዚህ ቆቦ ትገባለች» አለን። ደስታው አላስቀምጥ ቢለኝ ልጽፍላችሁ ብዕር አነሳሁ፤ እስከ ዛሬ ግን ፍርሃቱ አልለቀቀኝም ነበር።

ራቡና ትኩሳቱ እማን ሲጥሏት፣ ወልዲያ ሆስፒታል የምታደርሰን የአጎቴ አሮጌ የእሽቅድምድም መኪና ብቻ ነበረች። አጎቴ የመንገዳችን ወንዝ አሸዋ እንዳይውጣት ብሎ ከሾፌሩ በቀር ወንበሮቿን፣ በሮቿን፣ ትርፍ ጎማዋን ሁሉ ነቃቀለ። ስትቀልል ግን ኋላዋ ጠጠሩ ላይ ይንሸራተት ጀመር።

«ነይ፣ ከኋላ ሆነሽ ክብደት ሁኚኝ» አለኝ። ተቀመጥኩ፤ መኪናዋ አልተሰማትም።

«ወይ ጉድ! አንቺንም ራቡ ላባ አድርጎሻል!» አለና፣ የግመል ጭነት ሲያዘነብል በድንጋይ ሚዛኑ እንደሚስተካከለው ትልቅ ድንጋይ አሳቀፈኝ።

እማ ከፊት ወለሉ ላይ ተኝታለች። ሮቢት አጠገብ ወንዙ ውስጥ ስንገባ መኪናዋ ተወዛወዘች፤ እማ በር በሌለው በኩል ልትወድቅብኝ ነው ብዬ ወደ እሷ ጎነበስኩ። በአንድ እጄ ድንጋዩን፣ በሌላው የእማን ነጠላ ጨበጥኩ።

«እንዳትነቃነቂ!» አጎቴ ጮኸ።

«ያ አላህ» ብቻ ነበር የምለው። ተሻገርን።

እማን ሆስፒታል አስተኝተን ስንመለስ ድንጋዩን ይዤው መጣሁ፤ ደጃችን ላይ አለ። ነገ እማ እሱ ላይ ትቀመጣለች። ያለን ቆሎ እፍኝ ቢሆንም ኑ፣ ዱዓ አብረን እናድርግ።