ቆጣሪው የዋሸ ዕለት

ይህ የሆነው በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ፣ እኔና ባለቤቴ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ትንሽ ሱቅ በነበረን ሰሞን ነው። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የዚያን ጊዜ ጎረቤቶቼ ስም እንኳ ይጠፋብኛል። ያን ዕለት ግን አልረሳውም። አንዳንዴ ድንገት ይመጣብኝና በእውን ሆኗል ወይስ አልሜው ነው እያልኩ እህቴን እጠይቃታለሁ።

ባለቤቴ ኢብራሂም በዚያ ዓመት አዲስ ፒካፕ ገዝቶ ነበር። ነጭ ናት፤ ሞተሯ ጉልበተኛ፣ የወንበሯ ላስቲክ እንኳ ገና ያልተነሳ። አመሻሽ ላይ አጥቦ በጨርቅ ያደርቃታል። የሰፈሩ ሴቶች «ኢብራሂም ሁለተኛ አገባ እንዴ?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። እኔም «አዎ፣ ይቺኛዋ ደግሞ መልስ አትመልስም» እላቸዋለሁ።

በመኪናዋ ስኳር፣ ሻይና ሳሙና ወደ ገጠር እናደርስ ነበር። የዚያ አገር አፈር ጥቁር ነው፤ ዝናብ ሲያገኝ ማጥ ይሆናል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በዚያ ዓመት ዝናቡ ሱዳንንም ዘልሏት ስለነበር ስንጥቁ እግር ይውጣል። የመኪናዋ ጎማ እየገባበት ኢብራሂምን አስመረረው። አንድ ቀን ከገበያ ትላልቅ ጎማዎች ከነቸርኬያቸው አስጭኖ መጣ። ለመንገዱ ነው ይበል እንጂ፣ መኪናው ከሌሎቹ ነጋዴዎች መኪና ከፍ እንድትል መፈለጉንም አላጣሁትም።

ጎማ ሠሪው ዐም ኸሊል የሚባል ሽማግሌ ሱዳናዊ ነበር። የድሮዎቹን ፈትቶ አዲሶቹን አሰረ። መሪው ሲዞር ግን ጎማው ከላዩ ያለውን ቆርቆሮ፣ ፓራፋንጎውን፣ እየፋቀ አላስኬድ አለ። ዐም ኸሊል የቆርቆሮ መቀስ አንስቶ የአዲሷን መኪና ጠርዝ መቁረጥ ሲጀምር ኢብራሂም ፊቱን አዞረ። ልጁን የሚያስገርዝ አባት ነበር የሚመስለው። ባሌስትራው ላይም ብረት ተጨመረና መኪናዋ ወደ ላይ ተሰቀለች።

ከዚያ ወዲያ የሻይ ሣጥን ካልረገጥኩ መሳፈር አልቻልኩም። ተናድጄ፣ ግመል ብትገዛልኝ ይሻል ነበር፣ ግመል እንኳ ይንበረከካል አልኩት። እሱ ግን ሣጥኑን በቀለም ቀብቶ ከወንበሩ ጀርባ አስቀመጠልኝ።

በዚያው ወራት ከአገራችን ሰዎች በእግራቸው ይገቡ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከተማው ዳር ወጥቼ የመጪውን ፊት አያለሁ። ታናሽ እህቴ ሰዓዳ መንደሯን ለቃ መውጣቷን ሰምቼ ነበር። እናታችን ቶሎ ስለሞተች በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አንዳንዷ ቀጭን ልጅ ከሩቅ እሷን ትመስለኝና እሮጣለሁ፤ ስደርስ ሌላ ናት። በየቀኑ እንዲህ እየሮጥኩ ሕልምና እውን ተቀላቅሎብኝ ነበር።

አንድ ቀን የቀን ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ያላገኘ የመተማ ሰው ሱቃችን ድረስ መጣ። ሰዓዳን ሜዳ መሃል ባለች ትንሽ መንደር አይቷታል። እግሯ አብጦ መራመድ አቅቷታል። «እታለም ትምጣልኝ» ብላለች። እታለም የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቶሎ ካልደረስንላት እንደማናገኛት ለኢብራሂም ሲነግረው ሰማሁ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነሣን። ያ ሜዳ መንገድ የለውም። ተራራ የለ፣ ምልክት የለ። የገዳሪፍ ሾፌሮች የሚሄዱት በመኪናው ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ነው። ዶንኪ ከሚሉት ባለሞተር የውሃ ጉድጓድ ተነሥተህ፣ ቆጣሪው አርባ ኪሎ ሜትር ሲጨምር ወደ ቀኝ ትታጠፋለህ፤ ከዚያ በቀጥታ ስትነዳ መንደሯ ትመጣለች። ኢብራሂም ዶንኪው ጋ ስንደርስ የቆጣሪውን ቁጥር በጠመኔ ዳሽቦርዱ ላይ ጻፈ። ሰው ሊያሳስት ይችላል፣ ቆጣሪ ግን አይዋሽም ይል ነበር ሁልጊዜ።

ያን ቀን አቧራ ሰማዩን ሞልቶት ነበር። ፀሐይዋ ነጣ ብላ ተንጠልጥላለች፤ ሰማዩ የት አብቅቶ መሬቱ የት እንደጀመረ አይለይም። ትላልቆቹ ጎማዎች ስንጥቁን እየረገጡ ሲያልፉ ምንም መንገጫገጭ አይሰማኝም። ከመሬት ከፍ ብለን የምንንሳፈፍ ያህል ነበር። ዓይኔን ሳልከድን እንቅልፍ ወሰደኝ መሰለኝ፣ የሰዓዳ የልጅነት ትንፋሿ ማጅራቴ ላይ ተሰማኝ። ድሮ አዝያት ውሃ ስወርድ እንደሚሰማኝ ነበር። ዞሬ ባያት የምትጠፋ መሰለኝና አልዞርኩም።

ቆጣሪው አርባ ሲሞላ ኢብራሂም ወደ ቀኝ ታጠፈ። ነዳን፣ ነዳን፤ መንደር የለም። አቁሞ ወረደ፣ ጣሪያው ላይ ወጥቶ አየ፣ ተመለሰ። ቤንዚኑ ብዙ ለመዞር አይበቃም። ወደ ዶንኪው ተመልሰን እንደገና እንጀምር አለኝ። ዛሬ ከተመለስን ነገ እንደማትኖር ገብቶኛል።

ያኔ ነው ከፊታችን ውሃ ያየሁት። ውሃው ላይ ዛፍ ቆሟል፤ ከዛፉ ሥር እግር የሌላቸው ሰዎች ይወዛወዛሉ።

«ዘሃራ፣ እሱ ሰራብ ነው፣ የበረሃ ማታለያ» አለኝ። «በቆጣሪው ከሄድን እዚህ ቦታ ዛፍ የለም።»

«እኔ የሚታየኝ ዛፉ ነው» አልኩት።

ሣጥኑን እንኳ ሳልጠይቅ በሩን ከፍቼ ዘለልኩ። ጉልበቴ ተላጠ። ተነሥቼ ወደ ውሃው መሄድ ጀመርኩ። ውሃው ይሸሻል፣ እኔ እከተላለሁ። ጥቂት ቆይቶ የመኪናዋን ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ኢብራሂም ሚስቱ አብዳ ብቻዋን እንዳትሄድ ቀስ ብሎ እየነዳ ይከተለኛል።

ውሃው ጠፋ፣ ዛፉ ቀረ። ሰዎቹም እግር አወጡ። ሰዓዳ ግንዱን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር፤ እግሯ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ቀና ብላ አየችኝና ምንም ሳትደነቅ፣ «እታለም፣ ዘገየሽ» አለችኝ። ልክ ከገበያ አምሽቼ የመጣሁ ነበር ያስመሰለችው። እዚያው ተንበርክኬ አለቀስኩ።

የመንደሯ ጉድጓድ ነጥፎ ኖሯል። ሰዉ ሁሉ ለቆ ሲወጣ እነዚህ ደጋግ ሰዎች እሷን በቃሬዛ ይዘው ወደ ገዳሪፍ ተነሡ። አቧራው አቅጣጫ አሳታቸው፣ ተሸካሚዎቹም ዛሉ። ውሃ በኩባያ ጥቂት ጥቂት እያደረግን ሰጠናቸው። ኢብራሂም የሻይ ሣጥኑን ሊያወርድ ብሎ ተወው፤ ሰዓዳን በሁለት እጁ አንሥቶ ከፍ ወዳለችው መኪናው አወጣት። ክብደቷ ምንም አልነበረም። ሌሎቹንም ከኋላ ጭነን ተመለስን።

በማግስቱ ኢብራሂም አሮጌውንና አዲሱን ጎማ በገመድ ሲለካ ግቢ ውስጥ አገኘሁት። ከዚያ የሻይ ሣጥኑ ላይ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ቆጣሪው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው። ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ ይሄዳል፤ ቆጣሪው ግን የድሮው ትንሽ ጎማ መስሎት ያሳንሰዋል። እስከዚያ ቀን በአዲሱ ጎማ የሄድነው በምናውቀው መንገድ ብቻ ስለነበር አላስተዋልነውም፤ አርባ ሲለን መታጠፊያውን አልፈን ርቀን ነበር። እውነቱን ቢነግረን ኖሮ በትክክል ታጥፈን ሰው የሌለባት መንደር ደርሰን፣ አልቅሰን እንመለስ ነበር።

ኢብራሂም፣ አላህ ይዘንለትና፣ ጎማዎቹን አልቀየራቸውም። ሰዓዳ ዛሬ የልጅ ልጆች አሏት፤ ትንሽ ታነክሳለች። ይህን ስናወራ እሷ ትስቃለች፣ ያንን ውሸታም ቆጣሪ መሳም አለብኝ ትላለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ። ኋላ ብቻዬን ስሆን ግን ሜዳው ይመጣብኛል። በዚያ ዓመት እዚያ ሜዳ ላይ ብዙ ዛፎች ነበሩ። ከየዛፉ ሥር እህቴ ትምጣልኝ፣ ወንድሜ ይምጣልኝ የሚል ሰው ነበር። እኛ ተሳስተን የደረስነው ግን አንዱ ዛፍ ዘንድ ብቻ ነው።